ፉርሽካ ለሚመገቡ የጋሪ ፈረሶች የማዕድን ተጨማሪ መኖ አመራረጥ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በአገራችን 2 ሚሊዮን ያህል ፈረሶች እንደሚገኙ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ጋሪ በመሳብ ለባለቤታቸው የዕለት ገቢ ያስገኛሉ። ባጃጅ በብዙ ከተሞች የጋሪን ቦታ እየወሰደ ቢመጣም፣ እህል፣ ውሃ፣ የሕንፃ መሣሪያና ሰው በጋሪ የሚመላለስባቸው የስምጥ ሸለቆና የደጋ ከተሞች ዛሬም ጥቂት አይደሉም። አንድ የጋሪ ፈረስ ሲያነክስ የሚጎዳው እንስሳው ብቻ አይደለም። የቤተሰቡ ገቢ በዚያው ዕለት ይቋረጣል።

የጋሪ ፈረስ ባለቤት ግጦሽ ስለሌለው የሚመግበው ከገበያ ገዝቶ ነው። በዱቄት ፋብሪካዎች አካባቢ በቀላሉ የሚገኘው መኖ የስንዴ ፉርሽካ ሲሆን፣ ከጭድ ጋር እየተደባለቀ ይሰጣል። ፉርሽካ ጉልበት ሰጪ፣ ፈረስም የሚወደው መኖ ነው። ሆኖም በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የፈረሱን የማዕድን ሚዛን ያዛባል፤ አጥንቱንም ያሳሳል። ይህን ጉድለት ለማረም የሚገዛው ማዕድን ሳይመረጥ ሲቀር ደግሞ ገንዘቡ ይባክናል፣ በሽታውም ይብሳል።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ለፉርሽካ ተመጋቢ ፈረስ የሚጎድለው ማዕድን የትኛው እንደሆነ፣ በገበያ ላይ ከሚገኙት ውስጥ የትኛው እንደሚስማማና የትኛው እንደማይስማማ ነው። የልማት ሠራተኞች ለባለ ጋሪዎች ምክር ሲሰጡ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ለአባሎቻቸው መኖና ማዕድን ሲገዙ እንዲጠቀሙበት እናሳስባለን።

2. በሽታው እንዴት ይመጣል?

ካልሲየምና ፎስፎረስ አጥንትን የሚገነቡ ሁለት ዋና ዋና ማዕድናት ናቸው። የሁለቱ መጠን ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ያላቸው ሚዛንም ወሳኝ ነው። በፈረስ መኖ ውስጥ ካልሲየም ከፎስፎረስ ፈጽሞ ማነስ የለበትም። ለ1 እጅ ፎስፎረስ ከ1.5 እስከ 2 እጅ ካልሲየም ቢኖር ይመረጣል።

በስንዴ ፉርሽካ ውስጥ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ1 ኪሎ ፉርሽካ ውስጥ 1.2 ግራም ያህል ካልሲየም ሲገኝ፣ ፎስፎረሱ 11 ግራም ያህል ይደርሳል። ይህም ማለት ፎስፎረሱ ከካልሲየሙ 9 እጥፍ ይበልጣል። ከዚህም በላይ በፉርሽካ ውስጥ ያለው አብዛኛው ፎስፎረስ ፋይቴት በሚባል መልክ የሚገኝ ሲሆን፣ ይህ ነገር ካልሲየምን አስሮ በአንጀት በኩል ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል።

ካልሲየም ሲያንስ በአንገት ውስጥ የሚገኙት ፓራታይሮይድ የተባሉ ትናንሽ ዕጢዎች ሆርሞን ያመነጫሉ። የዚህ ሆርሞን ሥራ በደም ውስጥ ያለው የካልሲየም መጠን እንዳይወርድ ከአጥንት እየቀነሰ ወደ ደም ማስገባት ነው። ለጥቂት ቀናት ቢሆን ጉዳት አያመጣም። ለወራት ሲቀጥል ግን አጥንቱ ይሳሳል፤ በወጣው ማዕድን ፈንታም ለስላሳ ጅማት መሰል ሥጋ ይተካል። ይህ በተለይ በመንጋጋና በፊት አጥንቶች ላይ ጎልቶ ይታያል።

በሽታው አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ የወፍጮ ባለቤቶች ፈረሶቻቸውን ከወፍጮው በሚተርፈው ፉርሽካ ይቀልቡ ስለነበር፣ በሽታው በወፍጮ ቤት ፈረስና በፉርሽካ ስም ይጠራ ነበር። በአገራችንም ከዱቄት ፋብሪካ አጠገብ የሚኖር ባለ ጋሪ ፈረሱን የሚመግበው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

3. የበሽታው ምልክቶች

ሀ. ፈረሱ አንድ ቀን በአንዱ እግሩ፣ ሌላ ቀን በሌላው ያነክሳል። እርምጃው አጭርና ግትር ይሆናል።

ለ. ጋሪ ሲጠመድበት ለመነሳት ይቸገራል፤ ቁልቁለት ላይ ይፈራል።

ሐ. መኖውን በዝግታ ያኝካል፤ አንዳንዴም አኝኮ ይተፋዋል። ጥርሶቹ ሊነቃነቁ ይችላሉ።

መ. ሁለቱ የፊት ጎኖች፣ ከዓይን በታችና ከአፍንጫ በላይ ያለው ቦታ፣ እኩል እያበጡ ይመጣሉ። የአፍንጫው መተላለፊያ ሲጠብ ትንፋሹ ድምፅ ያሰማል።

ሠ. ይከሳል፤ በቀላል አደጋም አጥንቱ ሊሰበር ይችላል።

የፊት እብጠት የሚታየው በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው እብጠቱን ሳይጠብቅ፣ ምክንያቱ ያልታወቀና ከእግር እግር የሚዛወር ማንከስ ሲያይ በመጀመሪያ ፈረሱ ምን እንደሚበላ መጠየቅ ይኖርበታል። ማንከስ ከሰኮና ቁስል፣ ከመጥፎ ጫማ ወይም ከጅማት ጉዳትም ስለሚመጣ እነዚህን አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። አኝኮ መትፋትም ከሾለ ጥርስ ሊመጣ ይችላል።

የደም ምርመራን በሚመለከት አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ዕጢዎቹ ከአጥንት እየወሰዱ ደሙን ስለሚሞሉት በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለሆነም «ደሙ ደኅና ነው» ተብሎ የመኖው ጉዳይ መተው የለበትም።

4. ፈረሱ የሚያስፈልገውና የሚያገኘው

የአገራችን ፈረስ ትንሽ ነው። በውጭ አገር አቆጣጠር ቁመቱ ፖኒ ከሚባለው መደብ የሚገባ ሲሆን፣ ክብደቱ በአመዛኙ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ነው። ለስሌታችን 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ እንውሰድ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው የፈረስ መኖ መመዘኛ መሠረት ይህን ያህል የሚመዝን መካከለኛ ሥራ የሚሠራ ፈረስ በቀን 17.5 ግራም ካልሲየምና 10.5 ግራም ፎስፎረስ ያስፈልገዋል።

አሁን በቀን 4 ኪሎ የገብስ ጭድና 2 ኪሎ ፉርሽካ የሚበላ ፈረስ ምን እንደሚያገኝ እንመልከት። የጭዱ ማዕድን እንደ አካባቢው አፈር ቢለያይም፣ በኪሎ 3 ግራም ካልሲየምና 0.8 ግራም ፎስፎረስ ይዘን ብናሰላ፦

ከጭዱ፦ ካልሲየም 12 ግራም፣ ፎስፎረስ 3.2 ግራም
ከፉርሽካው፦ ካልሲየም 2.4 ግራም፣ ፎስፎረስ 22 ግራም
ድምር፦ ካልሲየም 14.4 ግራም፣ ፎስፎረስ 25.2 ግራም

ካልሲየሙ ከሚያስፈልገው በታች ነው። ፎስፎረሱ ደግሞ ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ ነው። ለ1 እጅ ፎስፎረስ የሚደርሰው ካልሲየም 0.6 እጅ እንኳ አይሞላም። ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር፣ ይህ ፈረስ ካልሲየም እንጂ ፎስፎረስ እንዳልጎደለው ነው። የማዕድን ምርጫው ሁሉ የሚመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

5. የትኛው ማዕድን ይመረጥ?

ከላይ ለተጠቀሰው ፈረስ ከእያንዳንዱ ማዕድን 65 ግራም ቢጨመርለት ሚዛኑ ምን እንደሚሆን አስልተናል።

5.1 የኖራ ድንጋይ ዱቄት

ለመኖ ተብሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በ100 ግራም ውስጥ 36 ግራም ያህል ካልሲየም ሲኖረው ፎስፎረስ የለውም ማለት ይቻላል። 65 ግራም ሲጨመር ካልሲየሙ ወደ 37.8 ግራም ከፍ ይላል፤ ፎስፎረሱ ባለበት 25.2 ይቆያል። ሚዛኑም 1.5 ለ1 ይሆናል። ስለዚህ ለፉርሽካ ተመጋቢ ፈረስ ከሁሉም የሚስማማው ይህ ነው። ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎቹ የቀለለ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ለግድግዳ መቀቢያ የሚሸጠው የተቃጠለ ኖራ አንድ አይደሉም። የተቃጠለው ኖራ አፍን፣ ጉሮሮንና ሆድን ያቃጥላል። በምንም ዓይነት ለእንስሳ መሰጠት የለበትም። የልማት ሠራተኛው «ኖራ ስጡት» ብሎ በደፈናው ከመናገር ይልቅ፣ ዱቄቱን በእጁ ይዞ ለባለቤቱ ቢያሳየው ይሻላል። ለአሲዳማ አፈር ማከሚያ የሚከፋፈለውም ኖራ የተዘጋጀው ለእርሻ ስለሆነ፣ ለመኖ የሚሆን መሆኑ በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ አይሰጥም።

ከሆቴሎችና ከምግብ ቤቶች የሚገኝ የእንቁላል ቅርፊት በብዛቱ ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ፣ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ደርቆና ደቅቆ ሊተካ ይችላል። ነገር ግን ለአንድ ፈረስ በቀን ከ10 ያላነሱ ቅርፊቶች ስለሚያስፈልጉ፣ ይህ የሚሆነው በቂ ቅርፊት ለሚገኝበት ሰው ብቻ ነው።

5.2 የአጥንት ዱቄት

የአጥንት ዱቄት በ100 ግራም ውስጥ 28 ግራም ያህል ካልሲየምና 13 ግራም ያህል ፎስፎረስ አለው። ለላምና ለዶሮ ጥሩ ማዕድን ነው። ለፉርሽካ ተመጋቢ ፈረስ ግን 65 ግራም ቢሰጥ ካልሲየሙ 32.6፣ ፎስፎረሱ ደግሞ 33.7 ግራም ይሆናል። ካልሲየሙ ከፎስፎረሱ እንዳነሰ ይቀራል ማለት ነው። «አጥንት ለታመመ አጥንት መድኃኒት ነው» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ አይሠራም። በተጨማሪም በደንብ ያልተቀቀለ አጥንት አባ ሰንጋንና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ምንጩ የማይታወቅ የአጥንት ዱቄት እንዳይገዛ እንመክራለን።

5.3 ዳይካልሲየም ፎስፌት

ይህ በ100 ግራም ውስጥ 22 ግራም ያህል ካልሲየምና 18 ግራም ያህል ፎስፎረስ አለው። 65 ግራም ቢጨመር ካልሲየሙ 28.7፣ ፎስፎረሱ 36.9 ግራም ይሆናል። ሚዛኑ 0.8 ለ1 እንኳ አይሞላም። ከውጭ የሚገባና ውድ ሆኖ ሳለ ለዚህ ፈረስ የማይጠቅም ነው።

5.4 አሞሌና የገበታ ጨው

ጨው ሶዲየምና ክሎሪን እንጂ ካልሲየም አይሰጥም፤ ስለዚህ ይህን በሽታ አያድንም። ይሁን እንጂ የሚሠራ ፈረስ በላብ ብዙ ጨው ስለሚያጣ፣ መኖውም በሶዲየም ድሃ ስለሆነ፣ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው ያስፈልገዋል። ጨው ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ጋር አብሮ የሚሰጥ እንጂ የሚተካው አይደለም። ጨው የበላ ፈረስ ንጹሕ ውሃ እንደ ልቡ ማግኘት አለበት።

5.5 ቦሌና ሌሎች የሚላሱ አፈሮች

ቦሌ እንስሳት ከጥንት ጀምሮ የሚመገቡት የተፈጥሮ አፈር ሲሆን ዋና ጥቅሙ ሶዲየም መስጠቱ ነው። በውስጡ ያለው ማዕድን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በልክ ለመስጠት አያመችም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት በመሆኑ፣ ተጨማሪ ፍሎራይድ ሊኖረው የሚችል ያልተመረመረ አፈር መጨመር በጥርስና በአጥንት ላይ ሌላ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ስለሆነም የካልሲየምን ጉድለት በቦሌ ለመሙላት መሞከር አይገባም።

5.6 ለከብትና ለዶሮ የተዘጋጁ ድብልቆች

ለከብት የሚዘጋጁ የማዕድን ድብልቆች ብዙውን ጊዜ ፎስፎረስ እንዲበዛባቸው ተደርገው የሚሠሩ ናቸው። ዩሪያና ሞላሰስ የተደባለቀበት ጡብም የሚጠቅመው ለሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ ለፈረስ አይሰጥም። ከሁሉም የሚያሰጋው ሞኔንሲን ወይም ሳሊኖማይሲን የተጨመረበት የዶሮ ወይም የከብት መኖ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በጥቂት መጠን እንኳ የፈረስን ልብ ጎድተው ይገድላሉ። በአህያና በበቅሎ ላይም እንዲሁ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

6. ከማዕድን በፊት መኖውን ማረም

ማዕድን መጨመር የተዛባ መኖን የሚያቀና ድጋፍ እንጂ የመኖ ምትክ አይደለም። ከሁሉም የሚሻለው ፉርሽካውን መቀነስና ካልሲየም ያለው መኖ መተካት ነው። ለዚህ የሚስማማው አልፋልፋ ነው። 1 ኪሎ ደረቅ አልፋልፋ 13 ግራም ያህል ካልሲየምና 2.5 ግራም ያህል ፎስፎረስ አለው።

ከላይ ያየነው ፈረስ ፉርሽካው ከ2 ኪሎ ወደ 1 ኪሎ ተቀንሶ፣ በምትኩ 1 ኪሎ ደረቅ አልፋልፋ ቢሰጠውና ጭዱ 4 ኪሎ ሆኖ ቢቀጥል፣ ካልሲየሙ 26.2፣ ፎስፎረሱ 16.7 ግራም ይሆናል። ሚዛኑ ያለ ምንም የተገዛ ማዕድን ከ1.5 ለ1 በላይ ይሆናል ማለት ነው። የመስኖ መሬት ያላቸው ማኅበራት ጥቂት ቦታ በአልፋልፋ ቢያለሙ ለባለ ጋሪ አባሎቻቸው ከማንኛውም ከረጢት ማዕድን የበለጠ ይጠቅማሉ።

ፉርሽካው ተቀንሶ በእሱ ፈንታ ገብስ በብዛት ቢሰጥ ግን ችግሩ አይወገድም። ገብስም ከካልሲየም ይልቅ ፎስፎረስ የሚበዛበት እህል ነው። ልዩነቱ እንደ ፉርሽካ የከፋ አለመሆኑ ነው። ፋጉሎም ፎስፎረሱ ብዙ ነው።

ስለ ሣር ዓይነትም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሴታሪያ፣ ቡፈል፣ የጊኒ ሣር፣ ኪኩዩና የዝሆን ሣር ኦክሳሌት የሚባል ካልሲየምን የሚያስር ነገር በውስጣቸው አለ። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ፉርሽካ ሳይበሉ እነዚህን በመሳሰሉ ሣሮች ላይ ብቻ የሰማሩ ፈረሶች በዚሁ የአጥንት በሽታ ተጠቅተዋል። ላም በከርሷ ውስጥ ያሉ ደቂቅ ሕዋሳት ኦክሳሌቱን ስለሚያፈርሱላት ብዙም አትጎዳም። ስለዚህ ለወተት ላም የሚመከር ሣር ሁሉ ለፈረስ ብቸኛ መኖ መሆን የለበትም።

7. አሰጣጥ

የኖራ ድንጋይ ዱቄት ጣዕም ስለሌለው ብቻውን ቢቀርብ ፈረስ አይበላውም። በጥቂት ውሃ በረጠበ ፉርሽካ ላይ ተበትኖ በደንብ ይታሻል። ጥቂት ሞላሰስ ቢጨመር ይወደዋል። በመጀመሪያው ቀን ከመጠኑ ሩብ ተጀምሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ሙሉው ይደረሳል። መጠኑ ለሁለት ተከፍሎ ጠዋትና ማታ ይሰጣል።

በየቀኑ መመዘን ስለማይመች፣ ዱቄቱ አንድ ጊዜ በሱቅ ሚዛን ተመዝኖ ልኩ በአንድ ቆርቆሮ ላይ በምስማር ይመልከት። መጠኑ እንደ ፉርሽካው ብዛት ይለያያል። በዚህ ጽሑፍ የተሰላው 65 ግራም በቀን 2 ኪሎ ፉርሽካ ለሚበላ ፈረስ ነው።

የሚያጠቡና የሚያረግዙ ባዝራዎች እንዲሁም ግልገሎች ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል። 250 ኪሎ የምትመዝን ባዝራ በወለደች በመጀመሪያው ወር በቀን ወደ 30 ግራም ካልሲየም ትፈልጋለች። ይህም ከሚሠራ ፈረስ እጅግ የበለጠ ነው።

ምልክቱ የታየበት ፈረስ መኖው እስኪታረምና ማንከሱ እስኪተወው ድረስ ከጋሪ መፈታት አለበት፤ የሳሳ አጥንት ከጭነት በታች ይሰበራል። ማንከሱ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። አጥንቱ እስኪጠነክር ግን ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ያበጠ ፊትም ወደ ቀድሞው መልኩ ላይመለስ ይችላል። ይህ ለባለቤቱ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ ሕክምናውን እንዳያቋርጥ ይረዳዋል።

8. ለወፍራም ፈረሶች የሚሸጡ ማዕድናት

በአውሮፓና በአሜሪካ ሥራ ሳይኖራቸው በመኖ ብዛት የወፈሩ ፖኒዎች በስኳር አጠቃቀም መታወክና በሰኮና ብግነት ይሠቃያሉ። ለእነዚህም ማግኒዥየምና ክሮሚየም ያለባቸው ድብልቆች ይሸጣሉ። ድብልቆቹ ችግሩን እንደሚያድኑ በሙከራ አልተረጋገጠም። እዚያም ቢሆን ሕክምናው መኖን መቀነስና እንቅስቃሴን መጨመር ነው። በአገራችን የጋሪ ፈረስ ዘንድ ውፍረት እምብዛም ስለማይታይ፣ ማኅበራት እንዲህ ያለ ከውጭ የመጣ ዕቃ ቢቀርብላቸው ገንዘባቸውን እንዳያወጡበት እንመክራለን።

9. ማኅበራት ሲገዙ ሊጠይቁት የሚገባ

ሀ. በከረጢቱ ላይ የካልሲየምና የፎስፎረስ መጠን ተጽፏል? ያልተጻፈበት አይገዛ።

ለ. የካልሲየሙ ቁጥር ለፎስፎረሱ ቁጥር ሲካፈል ስንት ይሆናል? ለፉርሽካ ተመጋቢ ፈረስ 2 ያህል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አይስማማም።

ሐ. ዕቃው ለመኖ የተዘጋጀ ነው ወይስ ለሕንፃ ወይም ለእርሻ?

መ. ዩሪያ፣ ሞኔንሲን ወይም ሳሊኖማይሲን አለበት? ካለበት ለፈረስ አይሰጥም።

ሠ. ሴሌኒየም አለበት? ካለበት ከሌላ ሴሌኒየም ካለው ድብልቅ ጋር ተደርቦ አይሰጥ። በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው።

ረ. ስንት ይበቃል? 20 ፈረሶች እያንዳንዳቸው በቀን 65 ግራም ቢወስዱ በ30 ቀን የሚያስፈልገው 39 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ለአንድ ባለ ጋሪ ከረጢት ሙሉ መግዛት ቢከብደውም ለማኅበር ቀላል ነው።

10. ማጠቃለያ

ፉርሽካ ፎስፎረስ ያበዛል፣ ካልሲየም ያሳንሳል። ስለዚህ ፉርሽካ ለሚበላ ፈረስ የሚመረጠው ማዕድን ካልሲየም ብቻ ያለበት የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ የአጥንት ዱቄትና ዳይካልሲየም ፎስፌት አይደሉም። ጨው ለላቡ ይሰጠዋል። የተቃጠለ ኖራ ፈጽሞ አይሰጠውም። ከሁሉ በፊት ግን ፉርሽካው ይቀነስ፣ አልፋልፋ ይጨመር። የልማት ሠራተኞች ይህን ትምህርት በጋሪ ማቆሚያዎች፣ በፉርሽካ መሸጫዎችና በገበያ ቀን ቢያስተላልፉ፣ ባለ ጋሪው ፈረሱ ማነከስ ሳይጀምር መኖውን ሊያስተካክል ይችላል።